ባዶ የተተወው ሊሾ

እኔ ስወለድ ጯሂ አልነበርኩም፤ ጯሂ ያደረጉኝ አባባ ናቸው። «ታቢታ እቤቷ ሆና ሰላም ስትል ጉዱማሌ ሜዳ ድረስ ይሰማል» እያሉ የሚቀልዱብኝ የአዋሳ ሰዎች አሉ፤ ይቀልዱ! ስምንት ዓመት ሙሉ «ምሳ ቀርቧል» ለማለት እንደ ሻምበል የጮኸ ሰው ይፍረድ። አባቴ አቶ ደበሌ በአንድ ፋብሪካ ጀነሬተር ቤት ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርተው ጡረታ ሲወጡ የግድግዳ ሰዓት ተሸለሙ፤ ጆሯቸው ግን እዚያው ከጀነሬተሮቹ ጋር ቀረ። ሰዓቱ ሳሎናችን ተሰቅሎ ቀጭ ቀጭ ሲል፣ እሳቸው የሰከንድ ቆጣሪው ሲዞር ብቻ ያያሉ።

እንዲያም ሆኖ የቤቱ ወሬ አያመልጣቸውም ነበር። የኔን ከከንፈሬ ያነቡታል። የእናቴን የእማዬ ገበያነሽን ደግሞ ከድስት አከዳደኗ ያውቁታል። ጣጣው የመጣው ኩማ ሽማግሌ የላከ ዕለት ነው።

ኩማ እኔ የምሠራበት የውሃ ጥናት ፕሮጀክት ውስጥ የጉድጓድ መቆፈሪያ ማሽን ኦፕሬተር ነው። እኔ እዚያው የመገናኛ ሬዲዮ ጠጋኝ ነኝ። ቀን ሙሉ ከሚጮኽ ማሽን ጋር ውሎ ማታ ዝግ ብሎ የሚናገር ሰው ነው፤ እኔ አሥር ቃል ስል እሱ አንድ ይላል፣ እሷም ትበቃለች። እወደዋለሁ፤ ምን አስደብቆኝ! በ1982 ዓ.ም. ጥር መጨረሻ ላይ ለሁለት ዓመት ቁፋሮ ቦረና ተመድቦ ነበር። ከተጋባን አብሬው እዛወራለሁ፤ ካልተጋባን ብቻውን ይሄዳል። ሁለት ዓመት ደግሞ ረጅም ነው፤ ሰው ብዙ ነገር ይረሳበታል።

ኅዳር ላይ ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። ቃል አቀባዩ ጋሽ ገብረጻድቅ ነበሩ፤ ገበያው አጠገብ ጨርቅ የሚሸጡ፣ ጢማቸው አፋቸውን የሸፈነ፣ ድምፃቸው ከደረታቸው ወጥቶ ጢማቸው ውስጥ የሚቀር ትልቅ ሰው። እንደ ወጉ በቆሙበት ሆነው ነገሩን አሳምረው ጀመሩ። አባባ ጢሙን አዩ፣ አዩና «አልሰማሁም፤ ጮክ ይበሉ!» አሉ። ጋሽ ገብረጻድቅ ክፉኛ ደነገጡ። «የሰው ልጅ በጩኸት አይጠየቅም» ብለው ባርኔጣቸውን አነሡና ሄዱ።

ታኅሣሥ ላይ ሲመለሱ እማዬ «መላ አለኝ» አለች። ሽማግሌው ለእሷ ዝግ ብለው ይነግሯታል፤ እሷ ደግሞ በአባባ ጆሮ ትደግመዋለች። ሰማች፣ ጎንበስ አለችና «ልጅህን ታቢታን ለኩማ ስጠን ነው የሚሉት!» ብላ በጉሮሮዋ ሙሉ ለቀቀችው። በማግሥቱ ቦኖ ላይ ውሃ ስቀዳ ሴቱ ሁሉ እንኳን ደስ አለሽ ይለኛል። የቀበሌው ጥበቃ እንኳ «መቼ ነው ድግሱ?» አለኝ። አቤት ማፈር!

አባባ ከኔ በላይ ተቆጡ። «ልጄን በአዋጅ አልድርም» አሉ። «አባት ልጁ ስትጠየቅ በገዛ ጆሮው መስማት አለበት። ያልሰማሁትን አልሰጥም።»

«ጽፈው ቢያመጡልዎትስ!» አልኩ እየጮኽኩ።

«ልጅ በማመልከቻ ትጠየቃለች እንዴ?»

ጋሽ ገብረጻድቅም በበኩላቸው በኩማ በኩል ላኩብን፤ «ደጅ የሚጠናው ሦስት ጊዜ ነው። ሦስተኛው ጥር አጋማሽ እሑድ ነው፤ አራተኛ የለም» ብለው። ሁለት ግትር ሽማግሌዎች መሐል ገብቼ ቀረሁ። እንግዲህ የቀረኝ አንድ ነገር ነው፤ እስከዚያ እሑድ ድረስ አባባን ማሰማት። ሬዲዮ ጠጋኝ አይደለሁ? ማን ይቀድመኛል!

አንድ ትንሽ ሣጥን ሠራሁ። ከወዳደቀ ቴፕ ማይክሮፎን ነቀልኩ፤ ከአሮጌ የመገናኛ ሬዲዮ ደግሞ ሁለቱንም ጆሮ ጥርቅም አድርጎ የሚይዝ ማዳመጫ። መሐላቸው ድምፅ የሚያጎላ አንድ ሰሌዳ አስገባሁ። ሰሌዳው የእጅ መዳፍ ያክላል፤ ፊቱ ላይ ስስ የመዳብ ቆዳ አለው። የምትፈልጊውን መስመር በቀለም ትሸፍኚና አሲድ ውስጥ ትነክሪዋለሽ፤ አሲዱ ቀለም ያልነካውን መዳብ ይበላል፣ የተሸፈነው መስመር ይተርፋል። ኤሌክትሪኩ የሚሄደው በዚያ በተረፈው ነው። የባትሪ ድንጋይ ከቀበሌው ሱቅ ከጠፋ ስድስት ወር ሆኖት ስለነበር ሣጥኑን ከግድግዳ መብራት ጋር አገናኘሁት።

አባባ ማዳመጫውን አጠለቁ። ከፈትኩት። ምምምምም አለ። ሌላ ምንም የለም፤ ብጮኽ፣ ባጨበጭብ፣ ምምምም ብቻ። የግድግዳው መብራት ጩኸት ገብቶ ሌላውን ሁሉ ውጦታል። ላጠፋው እጄን ስዘረጋ አባባ እጄን ያዙኝ። ዓይናቸው እንባ ሞልቷል።

«ጀነሬተሬ!» አሉ። «ሦስተኛዋ ናት። አወቅኋት፤ ዘይት ጎድሏታል።»

ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ሣጥኑን አቅፈው ፈገግ እያሉ ዋሉ። እኔ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ፤ ከዚያ አፍንጫዬን ጠርጌ ማሰብ ጀመርኩ።

መሥሪያ ቤታችን ውስጥ አንድ ኮምፒዩተር ነበር፤ አንድ ብቻ። ከኛ ከሠራተኞቹ ይልቅ እሱ ይከበር ነበር ብል ማጋነን አይደለም። ምንጣፍ፣ መጋረጃና ቬንትሌተር ያለው ክፍል የሱ ብቻ ነበር። በር ላይ እትዬ ሙሉጌጥ ተቀምጠዋል። አቧራ እንዳይገባ ጫማ ይወለቃል፤ እሳቸው ደግሞ ካልሲ ይመረምራሉ። የአስተዳደር ኃላፊው አንድ ቀን አውራ ጣታቸው በካልሲያቸው ቀዳዳ ብቅ ብሎ ተገኝቶ ተመልሰዋል፤ ይኸውላችሁ፣ እንዲህ ያለ በር ነው።

ከፕሮጀክቱ ጋር መጥቶ የነበረ አንድ የውጭ አገር ባለሙያ ሲሄድ፣ የሰሌዳ መሣያ ፕሮግራም ያለበት ፍሎፒ ጥሎልኝ ሄዶ ነበር። «ሬዲዮ ስትጠግኚ ይጠቅምሻል» ብሎኝ። እኔ በእጄ መሣል ስለሚቀናኝ መሳቢያ ውስጥ ዓመት አሳድሬዋለሁ። አሁን ግን ከፍሎፒው ጋር የነበረውን የመመሪያ ኮፒ ሳገላብጥ አንድ ገጽ ላይ ዓይኔ ቀረ። ነገሩ እንዲህ ነው። ቀጫጭን መስመሮች ብቻ ከሣልሽ እያንዳንዷ መስመር አንቴና ትሆንና የአካባቢውን ጩኸት ትለቅማለች። ስለዚህ በመስመሮቹ መሐል ያለውን ባዶ ቦታ አሲድ እንዳይበላው አድርጊ፤ መዳቡ ሰሌዳው ላይ ሙሉ ይነጠፍ፣ ጩኸቱን እሱ ይዋጠው። ቤት ስትሠሪ አፈሩን ትተሽ ወለሉን ሁሉ ሊሾ እንደምታደርጊው ማለት ነው። እኔም ስሙን ሊሾ አልኩት።

የምሳ ሰዓት ሲሆን ያልተቀደደ ካልሲ አድርጌ በሩ ላይ ቆምኩ።

«እትዬ ሙሉጌጥ፣ አባቴን ላሰማበት ነው» አልኩ። ነገሩን ከሥሩ ነገርኳቸው። እትዬ ሙሉጌጥ ባለ ቀይ ጥፍራቸውን አገጫቸው ላይ አድርገው ሰሙኝ።

«ቦኖ ላይ የተወራው ያንቺ ነው?» አሉ። «ግቢ። እስከ ሰባት ተኩል ብቻ።»

ሦስት የምሳ ሰዓት ፈጀብኝ። በመጀመሪያው ቀን ድሮ በእጄ የሣልኳቸውን መስመሮች አስገባሁ። በሁለተኛው መብራት ሄዶ ያስገባሁት ሁሉ ጠፋ፤ ምን እንዳልኩ አልነግራችሁም፣ እትዬ ሙሉጌጥ ግን ጆሯቸውን ይዘዋል። በሦስተኛው ቀን ሊሾው ላይ ደረስኩ። በሰሌዳው ጠርዝ ዙሪያ፣ በአራቱም ማዕዘን ሊሾው የማያልፈውን አጥር ሣልኩ። ሊሾው ከመስመሮቹ ምን ያህል ፈቀቅ ይበል ብሎ ፕሮግራሙ ሲጠይቀኝ ልኩን ሰጠሁት፤ ካልራቀ ይነካካና ይቃጠላል። ከዚያ ማሽኑ አንድ የመጨረሻ ጥያቄ ጠየቀኝ፤ ይህ ቦታ ከየትኛው መስመር ጋር ይገናኝ? አጠገቡ ባዶ ሣጥን አለ፤ ውስጡ ትንሽ አረንጓዴ ሰረዝ ብልጭ ድርግም ትላለች።

እዚህ ላይ ስለዘመኑ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ያልሞላነው ቅጽ አልነበረም። የቀበሌ ቅጽ፣ የመሥሪያ ቤት ቅጽ፣ የማኅበር ቅጽ፣ ስኳር ለመውሰድ እንኳ ቅጽ። ሁሉም አንድ ቦታ ላይ «ከማን ጋር ግንኙነት አለዎት?» ይላሉ። ጎረቤታችን አንዱ በየዋህነት መንግሥት ያሸገውን የጸሎት ቤታችንን ስም ጽፎ አራት ወር ታስሮ ወጥቷል። አባባ ገና ተማሪ ሳለሁ የመከሩኝ ምክር ይኼ ነበር፤ «ከማን ጋር ነሽ ሲሉሽ ባዶ ተዪው። ባዶ ተጠይቆ አያውቅም።» እኔም ያንን ጥያቄ በየትም ባየው እጄ ራሱ ያልፈዋል። ያን ዕለትም ሰባት ሰዓት ከሃያ አምስት ላይ፣ ሳላስብ፣ ባዶ ትቼው ቁልፉን ተጫንኩ።

ማሽኑ ተቀበለኝ። ሊሾው በስክሪኑ ላይ ከታች ወደ ላይ በአረንጓዴ መሙላት ጀመረ። በእያንዳንዱ መስመር ዙሪያ ቀጭን ጥቁር ክፍተት እየተወ፣ ጠጋ እያለ፣ ፈቀቅ እያለ ሞላው። እትዬ ሙሉጌጥ ከበሩ ተነሥተው መጥተው «ውይ ሲያምር!» አሉ። ፕሪንተሩ ሥዕሉን ሲያወጣ ግን ፊታቸው ተለወጠ። «ይኼ ሁሉ ጥቁር? ሪባኑን ጨረስሽው እኮ! ንብረት ክፍል ምን ልበል?»

«ሪባኑ ይቅርና ሌላም ነገር ልለምንዎት ነበር» አልኩ ጥፍራቸውን እያየሁ። «ኩቴክስዎን።»

መዳብን ከአሲድ የሚጋርድ ቀለም በአዋሳ ከየት ይመጣል? ኩቴክስ ግን ይጋርዳል። እትዬ ሙሉጌጥ ረጅም ጊዜ አዩኝና ከቦርሳቸው ሁለት ብልቃጥ አወጡ። «ለሠርጉ እንዳትረሺኝ» አሉ።

ሥዕሉን በካርቦን ወረቀት ሰሌዳው ላይ ገለበጥኩት። ቀለሙን የቀባው ኩማ ነው፤ የኔ እጅ ችኩል ነው፣ የሱ አይንቀጠቀጥም። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ወርክሾፑ ውስጥ ቁጭ ብሎ፣ ምላሱን በከንፈሩ ጥግ ነክሶ፣ ያንን ሁሉ ሊሾ በቀይ ኩቴክስ ሞላው። ቆፋሪዎቹ በመስኮት እያዩ «ኩማ፣ ለኛም ጥፍራችንን!» እያሉ አላገጡበት። ቀና ብሎ እንኳ አላያቸውም።

«ኩማ» አልኩት፣ «ባይሠራስ?»

«ይሠራል» አለ።

ቅዳሜ ጠዋት አሲዱ ሥራውን ጨርሶ ነበር። ቀለሙን ሳጥበው ቀይ መዳብ ከጫፍ እስከ ጫፍ አበራ። ዕቃዎቹን በየቦታቸው በየድኳቸው፣ ሣጥኑን ዘጋሁት፣ አባባ ማዳመጫውን አጠለቁ፣ ከፈትኩት። ምምምምም! በፊት ከነበረው የባሰ፣ ማዳመጫው በአባባ ጆሮ ላይ ሆኖ እኔ ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ ይሰማኛል። አባባ በደስታ ብድግ አሉ።

«አራቱም ተነሡ!» አሉ። «አራቱም ጀነሬተሮች!»

ተናደድኩ። እንዲህ ተናድጄ አላውቅም። ሥዕሉን ጨምድጄ ወለሉ ላይ ወረወርኩት፤ ማሽኑን፣ ፍሎፒውን፣ የውጭ አገር ባለሙያውን፣ ጋሽ ገብረጻድቅን ከነጢማቸው ረገምኩ። ከዚያ ወንበሩ ላይ ዘፍ ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ነገ እሑድ ነው። ኩማ ይሄዳል፤ እኔ እዚሁ «ምሳ ቀርቧል» እያልኩ አረጃለሁ።

አባባ ማዳመጫውን አወለቁ። የማለቅስበትን ለማወቅ ጆሮ አላስፈለጋቸውም። የተጨመደደውን ወረቀት አንሥተው ጉልበታቸው ላይ አቃኑት፤ መነጽራቸውን አደረጉ። ጥቁሩን ሊሾ ተመለከቱ። ከዚያ በወፍራም ጣታቸው በመስመሮቹ ዙሪያ ያለውን ነጭ ክፍተት እየተከተሉ ሄዱ፤ ዞሩ፣ ዞሩና የተነሡበት ላይ ተመለሱ።

«ይኼ ሁሉ መዳብ ከምን ጋር ነው የታሰረው?» አሉ።

«ከምንም!» አልኩ በለቅሶዬ መሐል እየጮኽኩ። አፌን አይተው ገባቸው።

«ማሳው ይቺ አይደለችም?» የሰሌዳውን ዜሮ መስመር አሳዩኝ፤ ኤሌክትሪኩ ሁሉ ዞሮ የሚመለስባትን። የድሮ ኤሌክትሪሺያኖች በጣልያንኛው ማሳ ይሏታል። «እሷንም ሸሽቷታል። ከሷ ካልታሰረ የዋጠውን ጩኸት የት ያፈሰዋል? ተሸክሞት መጮኽ ነው እንጂ። ሥዕሉን የሠራው ሰውዬ ከማን ጋር እንደሚገናኝ አልጠየቀሽም?»

በድንጋጤ ለቅሶዬ ቆመ። ያቺ ብልጭ ድርግም የምትል ሰረዝ ዓይኔ ላይ መጣች።

«ጠይቆኛል!» አልኩ። «ባዶ ተውኩት!»

አባባ ከንፈሬን ደግመው አዩ። እውነቱን አልኩ ወይ ብለው መሰለኝ። ከዚያ መሳቅ ጀመሩ፤ ሳቃቸው ሳል እስኪሆን፣ መነጽራቸው እስኪወልቅ።

«እኔ ነኝ ያስተማርኩሽ» አሉ። «እኔው ነኝ! ለቀበሌ አልኩሽ እንጂ ለመብራትም አልኩሽ እንዴ?»

የቀረው አንድ አጭር ሽቦ ነው፤ አንዱ ጫፉ ዜሮው መስመር ላይ፣ ሌላው ሊሾው ላይ። ይኼ ደግሞ ሊሆን ነው? የኔን ቀጭን መበየጃ ሊሾው ላይ ባስቀምጠው፣ ያ ሁሉ መዳብ ሙቀቱን ጠጥቶ ይጨርሰዋል፤ ቀልጦ የሚበይደው ሊድ አልጣበቅ ብሎ እንደ ዶቃ ይንከባለላል። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። አባባ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው ወደ አልጋቸው ሥር ሄዱ። በጨርቅ የተጠቀለለ፣ ከሰል ላይ የሚሞቅ፣ ጭንቅላቱ መዶሻ የሚያክል የጀነሬተር ቤት መበየጃቸውን ይዘው ተመለሱ። የእማዬን ምድጃ ሳያስፈቅዱ ወሰዱ። ብረቱ ሲግል እኔ ሽቦውን በወረንጦ ያዝኩ፣ እሳቸው ዳር ላይ ነካ አደረጉት። ሊዱ እንደ ቅቤ ቀልጦ ፍስስ አለና ጠለቀ።

ማዳመጫውን አጠለቁ፤ ከፈትኩት። አባባ ጠበቁ። ማዳመጫውን መታ አደረጉ።

«መብራት ጠፋ?» አሉ ቅር ብሏቸው። «ጀነሬተሮቹ ቆሙ።»

ከዚያ ቀስ ብለው አንገታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ሰዓቱን አዩ። ስምንት ዓመት የተሰቀለ ሰዓት! አፋቸው ከቆጣሪው ጋር መንቀሳቀስ ጀመረ፤ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ።

ያን ጊዜ ከጓዳ የእማዬ ድምፅ መጣ። እንደ ልማዷ፣ ማንም አይሰማኝም ብላ፣ ለራሷ ታጉረመርማለች፤ «ይኼ ሽማግሌ ደግሞ ምድጃዬን ወስዶ ከሰሌን ጨረሰው፤ ምን ዓይነት ፍጥረት ነው ያመጣብኝ።»

«ገበያነሽ» አሉ አባባ ከሳሎን፣ ዝግ ብለው፣ «ሰኞ ከሰል እገዛልሻለሁ።»

ጓዳ ውስጥ የድስት ክዳን ወደቀ። እማዬ ብቅ አለች፤ ፊቷ አመድ መስሏል። ያን ቀን ማታ ድረስ አንድ ቃል አልተነፈሰችም፤ ስምንት ዓመት ሙሉ ያለችውን እየቆጠረች ይሆናል። እኔ ደግሞ ደስታዬ ቅጥ አጥቶ «አባባ! ይሰማዎታል?» ስል ማዳመጫውን ከጆሯቸው መነጨቁት። «ምነው ትጮሂያለሽ! ጆሮዬን ልታጠፊው ነው?» ዝግ ብዬ ለመናገር ሞከርኩ፤ አልወጣ አለኝ። ጉሮሮዬ ያንን መንገድ ረስቶታል።

እሑድ ሽማግሌዎቹ መጡ። አባባ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው ማዳመጫውን አድርገው ተቀምጠዋል፤ ጦር ሜዳ ያለ ሬዲዮ ኦፕሬተር ይመስላሉ። ማይክሮፎኑን የእማዬ ዳንቴል ሥር ጠረጴዛው ላይ አድርጌዋለሁ። እኔ በወጉ መሠረት ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ ነኝ፤ በቀዳዳው ግን ሁሉንም አያለሁ።

ጋሽ ገብረጻድቅ ቆመው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከዚያ ሽቦውን አዩ። ሽቦውን በዓይናቸው ተከትለው ዳንቴሉ ላይ ደረሱ፣ ዳንቴሉን በአንድ ጣት ገለጥ አደረጉና አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈጉ።

«አቶ ደበሌ፣ ይቀዳል እንዴ?» አሉ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ወደ በሩ አዩ። እንዴት ይኼን ሳላስብ ቀረሁ! በዚያ ዘመን ጠረጴዛ ላይ የተደበቀ ማይክሮፎን አይቶ አፉን የሚከፍት ማን አለ?

አባባ ግን ሰምተዋቸዋል። «አይቀዳም» አሉ፣ የሣጥኑን ክዳን ከፍተው አሳዩዋቸው። «ይኸው፣ ቴፕ የለውም። ልጄ ናት የሠራችው። እርስዎን ብቻ ልሰማበት ነው።» ጋሽ ገብረጻድቅ ጎንበስ ብለው ውስጡን መረመሩ፤ የሚያበራውን መዳብ አዩ፣ እኛንም ሦስታችንን በሐሳባቸው መዘኑን መሰለኝ። ከዚያ ቀና አሉና በዚያው በደረታቸው ድምፅ ጀመሩ።

«ወደዚህ ቤት የመጣነው መልካም ቤት ብለን ነው። ልጅዎ ታቢታ እጇ ሥራ የሚያውቅ፣ ወላጆቿን የምትጦር፣ ያልተማሩትን የማትንቅ ልጅ ናት። ድምጿ ከፍ ቢልም ልቧ ዝግ ያለ ነው። ለልጃችን ለኩማ እንዲሰጡን ቆመን እንለምናለን።»

አባባ ወደ ማይክሮፎኑ ጠጋ አሉ። ከዚያ፦ «ይቅርታ፤ አንድ ጊዜ ይድገሙልኝ።»

ሽቦው ለቀቀ? ሊሾው ተነቀለ? ጋሽ ገብረጻድቅ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ደገሙት።

«አንድ ጊዜ ብቻ» አሉ አባባ።

ሦስተኛ ጊዜ ደገሙት፤ ድምፃቸው መሻከር ጀምሯል። እማዬ አጠገቤ ነጠላዋን ነክሳለች። ጋሽ ገብረጻድቅ ባርኔጣቸውን ሲያነሡ አየሁ።

«ካልሰሙን እንግዲህ…» አሉ።

«የመጀመሪያውንም ሰምቼዋለሁ» አሉ አባባ። «ይቅር ይበሉኝ። ሰው ስለ ልጄ መልካም ሲናገር በጆሮዬ ከሰማሁ ስምንት ዓመቴ ነው። ደስ ብሎኝ ነው ያስደገምኩዎት። ተቀመጡ።»

ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። ጋሽ ገብረጻድቅ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ወደ መስኮቱ ዞሩ።

አባባ ግን አልጨረሱም። ወጉ ሳያግዳቸው ወደ መጋረጃው ዞረው ጠሩኝ። ልጅ ሽማግሌ ፊት አትጠየቅም፤ እሳቸው ግን ጠየቁኝ።

«ታቢታ፣ ቦረና ሩቅ ነው። ትሄጃለሽ ወይ?»

መጋረጃውን ገልጬ ወጣሁ። ማይክሮፎኑ ከፊቴ ነበር። አባባ ዓይናቸውን ከከንፈሬ ላይ አነሡ፤ ሆን ብለው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሁሉም ይጠብቀኛል። እኔ፣ ሰላም ስል ጉዱማሌ የሚሰማው፣ ድምፄ ከየት እንደመጣ አላውቅም።

«አዎ፣ አባባ» አልኩ በሹክሹክታ። «እርስዎን ትቼ መሄዱ ግን ይከብደኛል።»

አጠገቤ የቆመችው እማዬ «ምን አለች?» አለች።

አባባ ዓይናቸውን ሳይገልጡ እጃቸውን ማዳመጫው ላይ አደረጉ።

«ሰምቻታለሁ» አሉ።